ኔጌቲቭ ማለት ቫይረሱ የለም ማለት ነው?

[ምስል፦ ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበት ረጅም እንጨት]

ትኩሳት አለ፣ ሳል አለ። ከአፍንጫ ናሙና ተወሰደ። ይህንኑ ናሙና በሦስት ዘዴ ብንመረምረው ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ ላይሰጡን ይችላሉ። የሚፈልጉት ነገር ለየቅል ነዋ! ኢንፍሉዌንዛን ይዘን እንየው።

[ምስል፦ የፈጣን ምርመራ መስኮት፣ በጣም ቀርቦ]

ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው። ናሙናው የተበጠበጠበት ፈሳሽ ጠብ ሲል ወረቀቱ እየመጠጠ ይወስደዋል። መንገድ ላይ ቀለም የተሸከሙ አንቲቦዲዎች፣ ማለትም የቫይረሱን ፕሮቲን ለይተው የሚይዙ ሞለኪውሎች አሉ። ፕሮቲኑን ካገኙ ጥብቅ አድርገው ይይዙታል። አብረው ሲሄዱ ሌሎች አንቲቦዲዎች ተደርድረው የሚጠብቁበት ቦታ ላይ ይቀራሉ። ቀለሙ እዚያ ይጠራቀማል፤ መስመር ሆኖ ይታያል።

15 ደቂቃ አካባቢ በቂ ነው። ችግሩ፣ መስመሩ በዓይን እንዲታይ ብዙ ፕሮቲን መከማቸት አለበት። ከእነዚህ ምርመራዎች ብዙዎቹ፣ ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች ከ50 እስከ 70 የሚሆኑትን ብቻ ነው የሚለዩት። ኢንፍሉዌንዛው በተስፋፋበት ሰሞን ፖዘቲቭ ሲል እኔ አምነዋለሁ። ኔጌቲቭ ሲል ግን ቶሎ አልጽናናም።

[ምስል፦ የፒሲአር ማሽን፣ ወደ ላይ የምትታጠፍ መስመር]

ፒሲአር ሌላ ነው፤ የሚፈልገው ፕሮቲኑን ሳይሆን የቫይረሱን የዘር መረጃ ነው። ይህ የዘር መረጃ፣ አር ኤን ኤ የሚባለው፣ መጀመሪያ ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለበጣል። ከዚያ ማሽኑ ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል፣ እንደገና ያሞቃል። በየዙሩ ቅጂው እጥፍ ይሆናል፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8... ሁሉም ነገር ከሰመረ 30ኛው ዙር ላይ ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። ስለዚህ ጥቂት ቫይረስም አያመልጠውም። የሞተም ቢሆን! በሽተኛው ከዳነ በኋላ ፖዘቲቭ የሚወጣው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ቫይረሱ በሕይወት አለ ወይ ካላችሁ፣ መልሱ ያለው ካልቸር ላይ ነው። ናሙናው በሕይወት ያሉ ህዋሳት ላይ ይጨመርና ቫይረሱ እስኪራባ ይጠበቃል። ከ3 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። ለታማሚው የሚደርስለት ነገር አይደለም፤ ለክትባት ሥራ ግን የግድ ነው።

[ምስል፦ እንደገና እንጨቱ]

ናሙና አወሳሰዱ ከተበላሸ ግን ሦስቱም ዋጋ የላቸውም። እንጨቱ የአፍንጫን ደጃፍ ብቻ ነክቶ ቢመለስስ? ለዚህ ነው ብዙ የፒሲአር ምርመራዎች ከቫይረሱ ጎን የሰውየውን የራሱን ጂን የሚፈልጉት። ሁለቱም ካልተገኙ ኔጌቲቭ ተብሎ አይጻፍም። ውጤቱ ውድቅ ይሆንና ምርመራው ይደገማል።