ጣት የሚያነበው በራሪ ወረቀት፦ የሌተርፕረስ ጫናና የወረቀት ምርጫ

[ምስል፦ ጠቆር ያለ ጠረጴዛ። በላዩ አንድ ባዶ የሚመስል ነጭ ወረቀት። መብራቱ ከላይ ወደ ጎን ቀስ እያለ ሲወርድ የጥበብ ሐረግ ከወረቀቱ ላይ ብቅ ይላል።]

በዚህ ወረቀት ጠርዝ ላይ ጠብታ ቀለም የለም። የምታዩት ጥላ ነው። ማሽኑ ወረቀቱን ተጭኖት አልፏል፤ የተጫነበት ቦታ ብርሃን ከጎን ሲያገኝ ይታያል፣ ብርሃን ከፊት ለፊት ሲመጣ ደግሞ ይጠፋል። ይህ ጫና በአንድ ተራ በራሪ ወረቀት ላይ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለሳምንታት ስንሞክር ቆይተናል። ከሙከራው የተማርኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልንገራችሁ፦ ንድፉን ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀቱን ምረጡ።

ሥራው የእህቴ ነው። ሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቅ አላት፤ ለገዢዎቿ የምትሰጠው፣ የጨርቁን አያያዝና አስተጣጠብ የሚገልጽ በራሪ ወረቀት ያስፈልጋት ነበር። የሸማ ጥበብን በእጃችሁ ዳስሳችሁት ታውቃላችሁ? ጥበቡ በጨርቁ ላይ የተሳለ አይደለም። ባለ ቀለሙ ክር በድሩ መካከል እየገባና እየወጣ ስለሚሠራ ከነጩ ጨርቅ ከፍ ብሎ ጣትን ይነካል። ይህን በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ በአራት ቀለም አትሞ መስጠት ይቻላል፤ ብዙዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ለእኔ ግን የጥበቡን ግማሽ መጣል ሆኖ ተሰማኝ።

[ምስል፦ የክሊሼ ቅርብ እይታ። ፊደሎቹ በመስታወት እንደሚታዩ ተገልብጠዋል።]

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ፤ በየማተሚያ ቤቱ አንዱ በሌላው ስም ይጠራልና። ሌተርፕረስ የምንለው ፊደሉ ወይም ሥዕሉ ከፍ ብሎ የተቀረጸበትን፣ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ የሚጫነውን የኅትመት ዘዴ ነው። ይህ ቅርጽ ያለበት ሰሌዳ ክሊሼ ይባላል፤ ክሊሼው ወደ ወረቀቱ ስለሚገባ የሚተወው ምልክት ወደ ውስጥ የሰረጎደ ነው። ኢምቦስ ግን ተቃራኒው ነው። ወረቀቱ በሁለት ቅርጾች መካከል ይገባል፤ አንዱ የጎደጎደ፣ ሌላው ለዚያ ጉድጓድ የሚገጥም እብጥ። ሁለቱ ሲገናኙ ወረቀቱ ወደ ላይ ይነሣል። በዲፕሎማችሁ ወይም በልደት የምስክር ወረቀታችሁ ላይ ደረቅ ማኅተም ካለ በጣታችሁ ዳስሱት፤ ኢምቦስ ማለት እሱ ነው።

እኛ የሞከርነው በዋናነት የመጀመሪያውን ነው። ሐረጉን ያለ ቀለም፣ ጽሑፉን በጥቁር ቀለም፣ ሁለቱንም በሌተርፕረስ።

የሚገርመው ዛሬ የምንወደው ይህ ጥልቅ ጫና በድሮዎቹ አታሚዎች ዘንድ የሥራ ጉድለት ነበር። ጥሩ አታሚ የሚባለው ፊደሉ ወረቀቱን ዳሰስ አድርጎ፣ ቀለሙን ብቻ ትቶ እንዲነሣ የሚያደርገው ነው። ከጀርባ በኩል እብጠት ከታየ ፊደሉ ቶሎ ያልቃል፣ የወረቀቱ ሌላ ገጽም ይበላሻል። በ18ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ይሠራ የነበረው አታሚ ጆን ባስከርቪል የታተሙትን ወረቀቶች በጋሉ የመዳብ ሰሌዳዎች መካከል እየጨመቀ ያለሰልሳቸው ነበር። እሱ ደክሞ ያጠፋውን እኛ ደክመን እናመጣዋለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ኦፍሴት (ከጠፍጣፋ ሰሌዳ የሚያትመው ዘዴ) እና የኮምፒውተር ማተሚያ ጠፍጣፋውን ኅትመት ርካሽ ካደረጉት ወዲህ፣ በእጅ የሚታወቀው ምልክት የሥራው ዋጋ ሆነ።

[ምስል፦ የቆየ የብራና መጽሐፍ። ካሜራው በቆዳው ሽፋን ላይ ባለው መስቀልና ሐረግ ላይ ያልፋል፣ ከዚያም ወደ ባዶ የብራና ገጽ ይወርዳል።]

ያለ ቀለም መጫን ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የብራና መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለውን መስቀልና ሐረግ ተመልከቱ። ደጓሹ በጋለ ብረት ቆዳውን እየተጫነ የሠራው ነው፤ ቀለም አልገባበትም። ውስጡንም ግለጡት። ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ዳርና ዳሩን በውስፌ ይወጋል፣ ከዚያም ደነዝ በሆነ ብረት መስመር ያሰምራል። ያ መስመር ቀለም የለውም፤ ቆዳው ላይ የቀረ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ የጽሑፉም መስመር የሚቃናው በእሱ ነው። ይህን ሳስብ የእህቴ በራሪ ወረቀት ከየት መነሣት እንዳለበት ገባኝ።

[ምስል፦ አራት ወረቀቶች ተደርድረዋል። እጅ አንድ በአንድ ያነሣቸዋል።]

አሁን ወደ ወረቀቱ። አንዱን ክሊሼ፣ በአንድ ማሽን፣ በአራት ዓይነት ወረቀት ላይ አተምን። ማሽኑ የቆየ ሃይድልበርግ የሚባል የጀርመን ማተሚያ ነው፤ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው የደረሰኝ ቁጥር ለመምታትና ካርቶን ለመቁረጥ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን በአቅራቢያችሁ ካለ አትናቁት።

አንደኛው የቢሮ ወረቀት ነው፣ 80 ግራም። ግራም ስንል የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ማለታችን ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት የካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ፣ የ80 ግራሙ አንድ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል። ግራሙ ያልተጻፈበት ወረቀት ከገጠማችሁ በወጥ ቤት ሚዛን አሥር የኤ4 ቅጠል መዝኑ፣ ለአሥር አካፍሉ፣ በ16 አባዙ፤ ግራሙን ታገኙታላችሁ። በዚህ ስስ ወረቀት ላይ ጫናው የሚያርፍበት ሥጋ የለም። ፊደሉ በጀርባ ወጣ፣ ሐረጉም ወረቀቱን አጨማደደው።

ሁለተኛው አንጸባራቂው ነው፣ 150 ግራም፣ በየሱቁ በራሪ ወረቀት የሚታተምበት። ይህ ወረቀት ላዩ በነጭ የማዕድን ዱቄት ተለብጧል። ለብጡ ፎቶግራፍን ያሳምራል፤ ለጫና ግን ጠላት ነው። ወረቀቱ አስቀድሞ ተጨምቆ ስለለሰለሰ አይሰረጉድም፣ በኃይል ሲጫኑት ደግሞ ላዩ ይሰነጠቃል። ቀለሙም ቶሎ ስላልደረቀ በሚቀጥለው ቅጠል ጀርባ ላይ ታተመ።

ሦስተኛው ያልተለበጠ ካርድ ወረቀት ነው፣ 250 ግራም። እዚህ ላይ ማየት የምንፈልገው መታየት ጀመረ። ሐረጉ ወረደ፣ የፊደሎቹም ጠርዝ ጥርት አለ። ግን ጠንካራ ነው፤ ጉድጓዱ ጥልቀት አጣ።

አራተኛውን ከሥዕል ዕቃ መሸጫ ገዛሁት። ከጥጥ የተሠራ የውሃ ቀለም ወረቀት፣ 300 ግራም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእንጨት ቃጫ አጭር ነው፣ የጥጥ ቃጫ ረጅምና ለስላሳ ነው። ረጅሙ ቃጫ ሲጫኑት ሳይቀደድ ይለጠጣል፣ በቃጫዎቹ መካከል ያለው አየርም ለክሊሼው ቦታ ይለቃል። ለዚህ ነው 300 ግራም የጥጥ ወረቀት ከ300 ግራም አንጸባራቂ ወረቀት በግልጽ የሚወፍረው፤ ክብደቱ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ላላ ያለ ነው። ስለዚህ ወረቀት ስትገዙ ግራሙን ብቻ አትጠይቁ። በሁለት ጣት መካከል ጨበጥ አድርጉት፣ በጥፍራችሁ ተጫኑት፤ የጥፍራችሁን ምልክት የማይዝ ወረቀት ክሊሼንም አይዝም።

የመጀመሪያው የጥጥ ወረቀት ከማሽኑ ሲወጣ እህቴ ምንም ሳትናገር ጠርዙን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። ነጠላ ስትገዛ የምታደርገውን ነው ያደረገችው።

[ምስል፦ በራሪ ወረቀቱ ይገለበጣል። ከጀርባው የተገለበጠ የጽሑፍ እብጠት ይታያል።]

ችግሩ የመጣው ወረቀቱን ስንገለብጥ ነው። በራሪ ወረቀት የፖስታ ካርድ አይደለም፤ ሁለቱም ገጽ ይነበባል፣ ይታጠፋልም። እኔ በጥልቀቱ ተደስቼ ጫናውን እያስጨመርኩ ሳለ ከጀርባ ያለው የአስተጣጠብ መመሪያ መሐል ለመሐል የፊተኛው ገጽ ፊደል አበጠበት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወረቀቱን መርጬ አተጣጠፉን አላሰብኩም ነበር። ሠላሳ ቅጠል የጥጥ ወረቀት ባከነ፤ ርካሽ አይደለምና አሳዘነኝ።

መፍትሔው ከጫናው ሳይሆን ከእጥፉ ተገኘ። ወረቀቱን በአንድ ገጽ ብቻ አትሙት፣ ከዚያም መጀመሪያ በቁመቱ፣ ቀጥሎ በወርዱ፣ አራት አድርጋችሁ እጠፉት። የታተመው ገጽ ሁሉ ወደ ውጭ ይሆናል፣ የተጎዳው ጀርባ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። አንባቢው ሲገልጠው የፊት ገጽ፣ ሁለት የውስጥ ገጾችና የጀርባ ገጽ ያገኛል፤ አንዱም እብጠት የለበትም። ለዚህ ግን 300 ግራም ይከብዳል፤ አራት እጥፍ ሲሆን ይገነፍላል። ለስለስ ያለ፣ ያልተለበጠ፣ ከ120 እስከ 160 ግራም ያለ ወረቀት ይበቃዋል፤ እጥፉ ራሱ ውፍረት ይሰጠዋል። የጥጥ ወረቀቱን ለአንድ ገጽ ካርድ አስቀምጡት።

ስታጥፉ የቃጫውን አቅጣጫ ዕወቁ። ወረቀት በማሽን ሲሠራ ቃጫዎቹ ወደ አንድ ወገን ይተኛሉ። ከአንድ ቅጠል ሁለት እኩል ስስ ቁራጭ ቁረጡ፣ አንዱን በቁመቱ፣ ሌላውን በወርዱ። አንድ ላይ ይዛችሁ ዘርጉአቸው። ይበልጥ የሚንጠለጠለው ቃጫው በራሱ በቁራጩ ወርድ የተኛው ነው። ከቃጫው ጋር አብሮ የሚሄድ እጥፍ ንጹሕ ይሆናል፤ ቃጫውን የሚያቋርጥ እጥፍ ይሻክራል፣ በወፍራም ወረቀት ላይም ይሰነጠቃል። በአራት እጥፍ ውስጥ አንዱ እጥፍ ማቋረጡ ስለማይቀር፣ የጀርባ አጥንት የሚሆነውን ዋናውን እጥፍ ከቃጫው ጋር አስኪዱት፣ ሌላውን አስቀድማችሁ በደነዝ ነገር አስምሩበት።

[ምስል፦ በስክሪን ላይ «ጯ»፣ «ሟ»፣ «ጩ» በትልቁ። ቀስ እያሉ ያንሳሉ።]

የእኛ ፊደል የራሱ ጥያቄ አለው። በፊደል ለቀማ ዘመን፣ ጽሑፍ በነጠላ የብረት ፊደል እየተደረደረ ሲታተም፣ የላቲኑ ፊደል ለቃሚ ከሃያ ስድስት ፊደል ትልቁንና ትንሹን ይዞ ሲሠራ፣ የእኛው ለቃሚ ግን ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው፣ ማለትም 231 ቅርጽ፣ ከዲቃላዎቹ ጋር በሳጥን ደርድሮ ይለቅም ነበር። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ በ1513 እ.ኤ.አ. በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት፣ የታተመው እንዲሁ አንድ በአንድ በተለቀመ ፊደል ነው። በኮምፒውተር ነድፈን በፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል) ክሊሼ ስናሠራ ይህ ድካም ቀርቷል። የቀረው ችግር ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ናቸው። «ጯ» ወይም «ሟ» ባነሱ ቁጥር ውስጣቸው ያለው ነጭ ይጠባል፣ ጫናው ሲበዛ ቀለሙ ወደ ጎን ይሰፋና ቀዳዳው ይደፈናል። ስለዚህ ለጫና ሥራ ቀጭን ያልሆነ፣ ውስጡ ሰፋ ያለ ፊደል ምረጡ፣ መጠኑን ከለመዳችሁት ከፍ አድርጉ፣ በፊደሎች መካከልም አየር ጨምሩ።

ጫናው በስፋት እንደሚከፋፈልም አስታውሱ። ውስፌ ቆዳ ይበሳል፤ መዳፍ በዚያው ጉልበት አይበሳም። ቀጫጭን መስመሮች በትንሽ ጫና ይወርዳሉ፤ ሰፊ ድፍን ቅርጽ ግን በዚያው ጫና ገርጥቶና ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። የጥበቡን ሐረግ ድፍን የአልማዝ ቅርጾች ወደ መስመር የለወጥናቸው ለዚህ ነው። ድፍንና ስስ ሥራ አብረው ከመጡ ለሁለት ክሊሼ ከፍላችሁ ሁለት ጊዜ አትሙ።

ያለ ቀለም የተጫነ ጽሑፍ ላይ ስልክ ቁጥር አታስቀምጡ። ዋጋም፣ አድራሻም አይሁን። ሰው በራሪ ወረቀትን ታክሲ ውስጥ፣ ደብዛዛ መብራት ስር ያነባል፤ ጥላው እዚያ አይደርስለትም። አንድ ተጨማሪ ነገር፣ በጣም የሚያሳስበኝ ስለሆነ እናገረዋለሁ። ለጌጥ ያበጠ ፊደል ለዓይነ ስውር አንባቢ ብሬል አይሆነውም። ብሬል የራሱ የነጥብ መጠንና ርቀት አለው። ለዓይነ ስውራን እናስባለን የምትሉ ከሆነ ብሬሉን በትክክል አሠሩት፣ በሚያውቅ ሰውም አስነብቡት።

[ምስል፦ መስኮት ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ካርቶን። እጅ በማንኪያ ጀርባ ወረቀት ያሻል።]

ማሽን ከሌላችሁ ሐሳቡን በቤት መሞከር ትችላላችሁ። አንድ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ካለው ካርቶን ቅርጹን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ቀዳዳ የሆነውን ካርቶን ገልብጣችሁ መስኮት ላይ ለጥፉት። ወረቀቱን በትንሹ አርጥባችሁ ፊቱን ወደ ካርቶኑ አድርጋችሁ ደርቡት፣ ከጀርባው በማንኪያ ጀርባ ጠርዝ ጠርዙን እሹ። ስታነሡት ቅርጹ በፊት በኩል አብጦ ታገኙታላችሁ። ማርጠቡ ተራ ነገር አይደለም፤ በእጅ ማተሚያ ዘመንም ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ይረጥብ ነበር፣ የራሰ ቃጫ ይታዘዛልና።

[ምስል፦ የተጠናቀቁት በራሪ ወረቀቶች በትንንሽ ቁልል ሲደረደሩ።]

የእህቴ በራሪ ወረቀት በመጨረሻ በ160 ግራም ያልተለበጠ ወረቀት፣ በአራት እጥፍ ወጣ። ሐረጉ ያለ ቀለም ጠርዙን ይዞራል፣ ጽሑፉ ጥቁር ነው። ሲቆረጥ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ የመቁረጫ ማሽኑ መጨበጫ ቁልሉን ሲጫን ጉድጓዶቹን ይደፈጥጣል፣ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ፣ ከላይ ለስላሳ ካርቶን አድርጋችሁ አስቆርጡ። ቀለሙ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጠብቁ። ስታሽጉም በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩ፣ ከባድ ነገርም አትጫኑበት። እኛ ሃምሳ ሃምሳውን በሳጥን አቁመን ወደ ሽሮ ሜዳ ወሰድነው።