ምግብና መኝታ እንጂ ደሞዝ የለውም፦ በውጭ አገር ኦርጋኒክ እርሻ በጎ ፈቃደኛ ስለመሆን የሀዋሳ አድማጮች ጥያቄና መልስ

ወጣቶች ወደ ውጭ ሲጓዙ ኦርጋኒክ እርሻ ላይ በበጎ ፈቃድ ስለመሥራት ባነሳነው ዝግጅት ላይ ከሀዋሳና ከአካባቢዋ ብዙ ስልክ ተደውሎልናል። ሁሉንም በአየር ላይ ማስተናገድ ስላልቻልን፣ የግብርናና የጉዞ ጉዳይ ባለሙያዎቻችን የሰጧቸውን መልሶች በጽሑፍ አቅርበናል።

ከታቦር ክፍለ ከተማ የደወለ ወጣት፦ «በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። ‹ዉፍ› የሚባል ነገር አለ፣ ውጭ አገር እርሻ ላይ እየሠራህ ያበሉሃል፣ ያሳድሩሃል ይሉኛል። እውነት ነው? ደሞዙስ ስንት ነው?»

እውነት ነው ወንድማችን፤ ደሞዝ ግን የለውም። ዉፍ (WWOOF) በጎ ፈቃደኞችን ከኦርጋኒክ እርሻዎች ጋር የሚያገናኝ መረብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 እንግሊዝ ውስጥ ተጀመረ። ሱ ኮፓርድ የምትባል ለንደን ውስጥ በጸሐፊነት የምትሠራ ሴት፣ እንደ እሷ ገጠር የሚናፍቃቸው የከተማ ሰዎች ቅዳሜና እሁድን እርሻ ላይ እየሠሩ እንዲያሳልፉ ብላ የጀመረችው ነው። ዛሬ ከ100 በሚበልጡ አገሮች ውስጥ በጎ ፈቃደኛ የሚቀበሉ እርሻዎች አሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቀን ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ትሠራለህ፣ ባለእርሻው ምግብና መኝታ ይሰጥሃል፣ በመካከላችሁ ገንዘብ የሚባል ነገር አይገባም። እያንዳንዱ አገር የራሱ ድርጅትና የራሱ የአባልነት መዋጮ አለው፤ ለጣሊያን የከፈልከው ለፈረንሳይ አይሠራም። መዋጮው የሚያስገኝልህ የእርሻዎቹን አድራሻ አይቶ መልእክት መላክን ብቻ ነው። ቲኬት፣ ቪዛና ኢንሹራንስ ከኪስህ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ከአንተ ገንዘብ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ይህ መንገድ ለጊዜው የአንተ አይደለም። ኪሳራው ከትርፉ ይበልጣል። የሙያ ልምድ ፈልገህ ከሆነና የመመለሻ ወጪህ በእጅህ ካለ ግን ከብዙ አጫጭር ሥልጠና የተሻለ ትማርበታለህ።

ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የደወለች ወጣት፦ «ባለእርሻው የግብዣ ደብዳቤ ልኮልኛል። በቱሪስት ቪዛ ብሄድ ችግር አለው?»

እህታችን፣ የዛሬው ትልቁ ጥያቄ ያንቺ ነው። ብዙ ወጣት «ገንዘብ እስካልተከፈለኝ ድረስ ሥራ አይባልም» ብሎ ያስባል። የብዙ አገር ሕግ ግን ምግብና መኝታን እንደ ክፍያ ይቆጥራል። ስለዚህ አገር ከመምረጥሽ በፊት የዚያ አገር ሕግ አንቺን ምን ብሎ እንደሚጠራሽ እወቂ፦ እንግዳ ወይስ ሠራተኛ?

ኒውዚላንድ በሥራ ምትክ የሚሰጥን ምግብና ማረፊያ ጥቅም ብላ ስለምትቆጥር በጎብኚ ቪዛ አይፈቀድም። እንግሊዝ ጎብኚን በጎ ፈቃድ እንዲሠራ የምትፈቅደው ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ያውም ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ተራ የግል እርሻ እዚህ ውስጥ አይገባም። ካናዳ ትንሽ ላላ ትላለች። የመጣሽበት ዋና ጉዳይ ጉብኝት ሆኖ፣ በቤተሰብ እርሻ ላይ ለምግብና ለመኝታ ብቻ ከ1 እስከ 4 ሳምንት የተወሰነ ሰዓት መሥራት ያለ ሥራ ፈቃድ ሊታለፍ ይችላል። አውስትራሊያ ለወጣቶች የምትሰጠው የሥራና የእረፍት ቪዛ የኢትዮጵያን ፓስፖርት አይጨምርም።

ሼንገን በሚባሉት የአውሮፓ አገሮች የአጭር ቆይታ ቪዛው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ይሰጣል። የማመልከቻው ክፍያ ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉሽም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ። ፓስፖርትሽ ከምትወጪበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይና 2 ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ 15 ቀን ሲቀረው ግን በሩ ይዘጋል። እርሻ ላይ በጎ ፈቃድን የሚያዩበት መንገድ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ለኤምባሲው «ለምግብና ለመኝታ በቀን ይህን ያህል ሰዓት ልሠራ ነው፤ የትኛው ቪዛ ይስማማኛል?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። መልሱን አትመሽ ያዢ።

እውነቱን ደብቆ መሄድ የሚያመጣውን ደግሞ እንናገር። አየር ማረፊያ ላይ ስልክሽን ሊፈትሹ ይችላሉ። «ለጉብኝት ነው» ብለሽ ከባለእርሻው ጋር ስለ ሥራ ሰዓት የተጻጻፍሽው ከተገኘ በዚያው አውሮፕላን ትመለሻለሽ፤ መዝገቡም ለሚቀጥለው ማመልከቻ ይተርፋል።

ሕጋዊ መንገድ ከፈለግሽ ጀርመን አንድ በር አላት። «የበጎ ፈቃድ ሥነ ምህዳር ዓመት» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ 27 ዓመት ላልሞላቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ይፈጃል፣ የኪስ ገንዘብና የጤና ኢንሹራንስ አለው፣ በዓመት ቢያንስ 25 ቀን ትምህርታዊ ሴሚናር ይሰጣል። ኦርጋኒክ እርሻዎችም በተቀባይነት ይሳተፋሉ። የሚሄዱበት በረጅም ቆይታ ቪዛ ነው፣ አብዛኛው የሚጀምረው ነሐሴና መስከረም አካባቢ ነው። መሠረታዊ ጀርመንኛ ስለሚጠየቅ ቋንቋውን ከዓመት በፊት ጀምሪ።

ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፦ «አንድ ሰው 150,000 ብር ከከፈልክ በዉፍ በኩል ቪዛ አወጣልሃለሁ ብሎኛል።»

አትክፈል። ዉፍ ቪዛ አያወጣም፤ ወኪልም ሆነ ደላላ የለውም። አባል የምትሆነው አንተው ራስህ፣ በስምህ ነው። «በጎ ፈቃድ» በሚል ስም ሰው አሻግሮ ጉልበቱን መበዝበዝ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስቀጣ ወንጀል ስለሆነ፣ የሰውየውን መልእክትና የባንክ ቁጥር አስቀምጠህ ለፖሊስ አሳውቅ።

ከሃይቅ ዳር ክፍለ ከተማ የደወለ ወጣት፦ «አውሮፓ ካልተሳካ በቅርብ የሚማሩበት ቦታ የለም?»

አለ። እንዲያውም ለሲዳማና ለስምጥ ሸለቆ አርሶ አደር ከአውሮፓ ይልቅ ኬንያ ይበልጥ ትጠቅማለች፤ ዝናቡ፣ ተባዩ፣ የማሳው ስፋት ተቀራራቢ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ለጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም። ከሀዋሳ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ይሁንና ቪዛ አለመጠየቁ የሥራ ፈቃድ ማለት አይደለም። ተቀባይህ ለቆይታህ የትኛው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከኬንያ ኢሚግሬሽን አጣርቶ በጽሑፍ ይላክልህ።

ኪታሌ አጠገብ ማነር ሀውስ የሚባለው የግብርና ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በትንሽ መሬት ላይ ብዙ የማምረት ዘዴን ያስተምራል። ድርብ ቁፋሮው መታየት አለበት፦ የላይኛውን 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ወደ ጎን አውጥተህ፣ ከሥሩ ያለውን ሌላ 30 ሳንቲ ሜትር ሳትገለብጥ በእርሻ ሹካ ታላላዋለህ። የታችኛውን አፈር ወደ ላይ ማውጣት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ ለምነት የሌለው አፈር ገጹን ይይዝና ችግኙ ይቀጭጫል።

በምዕራብ ኬንያ ደግሞ ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለ የነፍሳት ምርምር ተቋም ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው «ግፋና ሳብ» የሚባል ዘዴ አለ። በበቆሎው መስመሮች መካከል ዴስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ይዘራል፤ ሽታው የአገዳ ቆርቁርን የእሳት ራት ያባርራል። በማሳው ዙሪያ 3 መስመር የዝሆን ሣር ይተከላል፤ እሱ ደግሞ ራቷን ይስባታል። እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፣ የሚፈለፈለው ትል ግን ሣሩ በሚያወጣው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ተይዞ አብዛኛው ይሞታል። የዴስሞዲየሙ ሥር ከዚህ ሌላ ሥራ አለው፦ የአቀንጭራን (የበቆሎ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን ጥገኛ አረም) ዘር አብቅሎ የበቆሎው ሥር ላይ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል፤ አቀንጭራው በቅሎ በረሃብ ይሞታል። ከብት ላለው ሰው ሁለቱም ተክሎች መኖ ናቸው።

የሚከሽፈው የት ነው? መጀመሪያው ወቅት ላይ። የዴስሞዲየም ዘር ደቃቅ ስለሆነ ጥልቅ ከተቀበረ አይወጣም። ከአሸዋ ጋር ቀላቅለህ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ አልብሰው። አበቃቀሉ ዝግ ያለ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቀደም ብለህ በእጅ ካላረምክለት አረም ይውጠውና ገበሬው «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ይህን አረም በእጅህ አርመህ ከመጣህ፣ ለቀበሌህ አርሶ አደሮች የምታሳየው ነገር ይዘህ መጥተሃል።

ከቱላ የደወለ፦ «የተቀበለኝ እርሻ የመጀመሪያ ሥራህ ኮምፖስት ነው ብሎኛል። እኛም ግቢያችን ጉድጓድ ውስጥ ጥራጊ እናጠራቅማለን። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

አየርና ሙቀት ነው። በክረምት ጉድጓዱ ውሃ ይቋጥራል፣ አየር ያጣል፣ ይገማል። እነሱ የሚፈልጉት ከመሬት በላይ የተከመረ፣ የሚግል ክምር ነው። ወርዱም ቁመቱም ከ1 ሜትር ካነሰ ሙቀቱን አይዝም፤ ከፍታው ከ1.5 ሜትር ከበለጠ ደግሞ በራሱ ክብደት ይታመቅና መሐሉ ይታፈናል። ከታች የበቆሎ አገዳ ወይም ጭራሮ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አንጥፍ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ በመጠን ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ነገር (ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል) ከአንድ እጅ እርጥብ ነገር (ትኩስ እበት፣ አረም፣ የቡና ገለፈት) ጋር ደርድር፤ በየድርድሩ ውሃ አርከፍክፍ።

እርጥበቱን በእጅህ ለካ። አንድ ጭብጥ ዘግነህ ጭመቅ። ሁለት ሦስት ጠብታ ቢወጣ ልክ ነው፤ ውሃው በጣቶችህ መካከል ከፈሰሰ በዝቷል፤ ጭብጡን ስትፈታው ከተበተነ ደርቋል። ክምሩ በሁለት በሦስት ቀን መጋል አለበት። ረጅም የብረት ዘንግ መሐሉ ላይ ሰክተህ ከ10 ደቂቃ በኋላ ስትመዘው ለእጅ የሚያቃጥል ከሆነ እየሠራ ነው። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ሕግ በመስመር ለተከመረ ኮምፖስት ከ55 እስከ 77 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ15 ቀን እንዲቆይና በዚያ ጊዜ ቢያንስ 5 ጊዜ እንዲገለበጥ ያዛል፤ በሽታ አምጪ ተህዋስና የአረም ዘር የሚሞተው በዚህ ነው። ስትገለብጥ የውጭው ወደ ውስጥ መግባቱን ተጠንቀቅ፤ ብዙ ጀማሪ ክምሩን ከቦታ ቦታ ብቻ ያዛውራል።

ሽታው ይነግርሃል። እንደ ሽንት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ እበቱ በዝቷል፣ ጭድ ጨምር። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ውሃ በዝቶ አየር አጥቷል፣ ገልብጠው። ጉንዳን ከገባበትና እንደ አመድ ከነጣ ጠምቶታል።

አንድ ነገር ከልብህ ያዝ፦ ያልበሰለ ፍግ ሰላጣ ማሳ ላይ እንዳትበትን። በዚያው ሕግ መሠረት የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ ከአዝመራው 120 ቀን በፊት፣ ካልነካ 90 ቀን በፊት መግባት አለበት። በአንድ አካፋ ስህተት ባለእርሻው የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀቱን ሊያጣ ይችላል።

ከመሃል ከተማ የደወሉ እናት፦ «ልጄ 19 ዓመቷ ነው። ከማታውቀው ሰው ቤት እንዴት ልላካት?»

እናቴ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። መጀመሪያ ከእሷ በፊት እዚያ የሠሩ በጎ ፈቃደኞች የጻፉትን አስተያየት አብራችሁ አንብቡ፤ ሴቶች የጻፉትን ለይታችሁ። ጭራሽ አስተያየት የሌለው እርሻ ለመጀመሪያ ጉዞ አይሆንም። ከዚያ ለባለእርሻው በቪዲዮ ይደውሉለትና እርስዎም ይታዩ፤ ደህና ባለእርሻ የእናትን ጥያቄ አይጠላም።

የሚጠየቀው ይህ ነው። በቀን ስንት ሰዓት ትሠራለች? በሳምንት ስንት ቀን ታርፋለች? ከማን ጋር ትተኛለች፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? የአውቶቡስ ማቆሚያው በእግር ምን ያህል ይርቃል? የስልክ ኔትወርክ አለ? ብትታመም ማን ሐኪም ቤት ይወስዳታል? መልሱ በጽሑፍ ይምጣ። «ስትመጣ እንነጋገራለን» የሚል ሰው ጋ አትሂድ።

ፓስፖርቷ ከእጇ አይውጣ፤ «ለጥንቃቄ ላስቀምጥልሽ» ቢላትም። ከእርሻው ወጥታ እስከ ቅርብ ከተማ የሚያደርሳት የትራንስፖርትና የሁለት ሌሊት ማደሪያ ገንዘብ፣ ከሌላው ወጪ ተለይቶ፣ ሳይነካ ይቀመጥ። መጀመሪያ ለ2 ሳምንት ብቻ ትስማማ፤ ከተስማማት ትጨምራለች። ሥራው ከተባለው ሰዓት ካለፈ አንድ ጊዜ በትህትና ትናገር፤ በማግስቱ ካልታረመ ሻንጣዋን ታንሳ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይጎዳታል፤ ይህን ከመሄዷ በፊት እርስዎ ራስዎ ቢነግሯት ጥሩ ነው።

ከምስራቅ ክፍለ ከተማ፦ «ጾም እጾማለሁ። ለፈረንጅ እንዴት አስረዳለሁ? ክትባትስ ያስፈልጋል?»

በመጀመሪያው መልእክትህ ላይ ጻፈው። «በእነዚህ ቀኖች ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም» ካልክ «ቪጋን» ብለው ወዲያው ይረዱሃል። የማይረዱት ሰዓቱን ነው። እነሱ ጠዋት ቁርስ በልተው ማሳ ይገባሉ፤ አንተ እስከ 9 ሰዓት ሳትበላ ፀሐይ ላይ ስትቆፍር ብትወድቅ ደንግጠው አምቡላንስ ይጠራሉ። ስለዚህ በጾም ቀን ጠዋት ቀለል ያለ ሥራ፣ ችግኝ ማፍላት ወይም ዘር ማጽዳት፣ እንዲሰጥህ አስቀድመህ ተስማማ። ሽሮና በርበሬ ያዝ፤ አንድ ቀን ምሳውን አንተ ሥራላቸው። የምግቡን እንጂ የእህልና የዘር ነገርን ያለ ፈቃድ ድንበር አታሻግር፤ ብዙ አገር ላይ ይወረሳል።

ክትባትን በተመለከተ፣ ኬንያም ሆነ ሌሎች ብዙ አገሮች ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ይጠይቃሉ። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ተከተብ፤ ካርዱ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ እንደገና ክፈል የሚልህን አትስማ። የቲታነስ ክትባትህ መቼ እንደነበር ካላስታወስክ ሳትወስድ አትሂድ፤ እበትና የዛገ ሽቦ ባለበት ሥራ ላይ ነው የምትውለው። የጎማ ቦት ጫማ አብዛኛው እርሻ አለው፤ የእግርህን ቁጥር ግን ቀድመህ ላክላቸው።