ስልኩ የእማዬ፣ የያዘው ልጅ

[ምስል፦ አንድ ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልክ ያያል። ከማድ ቤት የሽንኩርት ማቁላላት ድምፅ ይሰማል።]

ብዙዎቻችን ቤት የልጅ ስልክ የሚባል ነገር የለም። ያለው የእማዬ ስልክ ነው፤ ወይ የአባዬ። ልጁ የቤት ሥራውን ሲጨርስ "ትንሽ ልይበት?" ይላል። እራት እስኪደርስ ይሰጠዋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የምንሰጠው ዝም እንዲልልን ነው።

ታዲያ ዩቲዩብ ስልኩን የያዘው የ9 ዓመት ልጅ መሆኑን በምን ያውቃል? አካውንቱ የእናትየው ነው። የተመዘገበው የእሷ ዕድሜ ነው። ለእሷ የሚመጣው ሁሉ ለእሱም ይመጣል። በተረት ይጀምራል፤ አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ ይከፈታል፤ ትንሽ ቆይታችሁ ብታዩ ተረቱ የለም።

[ስክሪን፦ የዩቲዩብ ሴቲንግ]

ቀጣዩን በራሱ የሚከፍተውን አውቶፕሌይን አጥፉት። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሪስትሪክትድ ሞድ የሚለውን አብሩ፤ ለልጅ የማይሆነውን ቪዲዮ ያጣራል። እንደ ወንፊት ነው፤ የሚያሾልከው አይጠፋም። ደግሞ የሚሠራው ባበራችሁበት ስልክ ላይ ብቻ ነው። የእማዬ ስልክ ላይ በርቶ የአባዬ ላይ ካልበራ፣ ልጁ የማንን ስልክ እንደሚለምን መገመት አይከብድም።

ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ አፕ ፒኒንግ የሚባል ነገርም አለ። ዩቲዩብን ከፍታችሁ እዚያው ትቆልፉታላችሁ። የይለፍ ቁጥር እንዲጠይቅ ካደረጋችሁት ልጁ ወጥቶ ቴሌግራም ወይም ቴሌብር ውስጥ አይገባም። ለእኔ ከሁሉም የሚጠቅመው ይሄ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

[ምስል፦ የጌም ቻት። መልእክቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ።]

ጌም ላይ ደግሞ ቻት አለ። አንድ የማይታወቅ ሰው እንዲህ ይጽፋል፦ "ነፃ ዳይመንድ ልስጥህ?" ዳይመንድ የጌሙ ውስጥ ገንዘብ ነው። ልጁ "እሺ" ይላል። "ስልክ ቁጥር ላክ።" ይልካል። "አሁን አምስት ዲጂት ቁጥር ይመጣልሃል፤ እሱን ንገረኝ።" ይነግረዋል። ያ ቁጥር የእናትየው ቴሌግራም መግቢያ ኮድ ነበር። ዳይመንዱ የለም። ማታ ላይ አክስት በእናትየው ስም "እባክሽ ትንሽ ብር ላኪልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ" የሚል መልእክት ይደርሳታል።

ልጁን አትቆጡት፤ ትልልቅ ሰዎችም በዚሁ ይሸወዳሉ። ቴሌግራማችሁ ላይ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩ፤ ኮዱ ቢወጣ እንኳ ሌባው የይለፍ ቃል ይጠየቃል። እዚያው ፕራይቬሲ ውስጥ ግሩፕ ላይ ማን ሊጨምራችሁ እንደሚችል የሚወስን ቦታ አለ። ካልነካችሁት "ኤቭሪባዲ" ነው። "ማይ ኮንታክትስ" አድርጉት። ኮቪድ መጥቶ በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ብዙ ልጆች ወርክሺት የሚያዩት በቴሌግራም ነው፤ ስለዚህ አይከፍቱትም ብላችሁ አትዘናጉ።

[ምስል፦ ሰኔ 30። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ካርድ ይዛ ፈገግ ትላለች።]

አሁን ወደ እኛ ወደ ወላጆች። ሰኔ 30 ካርድ ይሰጣል። ልጅቷ አንደኛ ወጥታለች፤ ፎቶው ወዲያው ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ካርዱን አጉልታችሁ እዩት። ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል፣ የትምህርት ቤት ስም። ዩኒፎርሙ ላይ ደግሞ አርማው አለ። የማያውቃት ሰው በር ላይ ቆሞ በስሟ ሊጠራት ይችላል። ደስታችሁን አልከለክልም፤ ካርዱን ሸፍኑት፣ ወይ ለዘመድ ብቻ ላኩት።

[ምስል፦ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ስልክ ያያሉ።]

ሴቲንጉ ሁሉ ተስተካክሎም የሚያስደነግጥ ነገር ልጁ ፊት ይመጣ ይሆናል። ያኔ ይነግራችኋል ወይ? ብዙ ልጅ የማይናገረው ስልኩን እንዳይቀማ ፈርቶ ነው። አስቀድማችሁ "የሚያስፈራ ነገር ካየህ አሳየኝ፤ ስልኩን አልቀማህም" በሉት። ሲያሳያችሁ ደግሞ ቃላችሁን ጠብቁ። አንድ ሰው "ለእናትህ እንዳትነግር" ካለው ወይ ፎቶ ላክልኝ ካለው፣ ያኔውኑ ለእናንተ መንገር እንዳለበት ይወቅ።

ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በኢንተርኔት ለወሲብ ምስል ማግባባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በእስራት ያስቀጣል። እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠማችሁ በንዴት ቻቱን አታጥፉት። የሰውየውን ዩዘርኔምና የጻፈውን ስክሪንሹት አንሱ፣ ቀኑን መዝግቡ፣ ከዚያ ብሎክ አድርጉት። ስልኩን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቁ።