በዘፋኙ ፈንታ የተላከ ፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። በልጅነቴ አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ከሻንጣዋ ካወጣቻቸው ስጦታዎች ሁሉ እስከ ዛሬ ከዓይኔ ያልጠፋው አንድ የቪዲዮ ካሴት ነው። ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎናችን ተሰብስቦ፣ ከአገር ከወጣ ዓመታት ያስቆጠረና ድምፁን ብቻ የምናውቀው ዘፋኝ በረዶ ላይ ቆሞ፣ ካፖርት ለብሶ ሲያዜም አየነው። ካሴቱ ከሌላ ካሴት የተቀዳ ስለነበር ነጫጭ መስመሮች ፊቱ ላይ ይሄዱ ነበር፤ እናቴ ግን መስመሮቹን ከቁም ነገር ሳትቆጥር «ይሄ ልጅ ከሳ እኮ!» አለች።

የሙዚቃ ክሊፕን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያ ማታ ትዝ ይለኛል፤ ምክንያቱም ክሊፕ ሲጀመርም በአካል መቅረብ ያልቻለ ዘፋኝ በራሱ ፈንታ የሚልከው ምስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ ቡና ቤቶች ሳንቲም ሲገባባቸው አጭር የዘፈን ፊልም የሚያሳዩ ፓኖራም የተባሉ ማሽኖች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን ቢትልሶች በየቴሌቪዥን ጣቢያው መዞሩ ስላልተመቻቸው ለንደን በሚገኘው የቺዝዊክ ሃውስ አትክልት ስፍራ ተቀርጸው ፊልሙን ላኩ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የእንግሊዙ የሮክ ቡድን ኩዊን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1975 ለ«ቦሂሚያን ራፕሶዲ» የሠራው ነው። ቡድኑ ለጉዞ እየተዘጋጀ ነበር፤ በዚያ ላይ የዘፈኑን የኦፔራ ክፍል በቴሌቪዥን መድረክ ላይ አፍ እያንቀሳቀሱ ማስመሰል የሚያስቸግር ነገር ነበር። ስለዚህ ከዳይሬክተሩ ብሩስ ጋወርስ ጋር ኤልስትሪ ስቱዲዮ ገብተው አራት ሰዓት ያህል በፈጀ ሥራ ቀረጹት። አራቱ ፊቶች ሳይንቀሳቀሱ ከጨለማ ብቅ ይላሉ፤ ሌንሱ ፊት በተደረገ ፕሪዝም፣ ማለትም ብዙ ገጽ ባለው መስታወት፣ ይባዛሉ፤ ካሜራው የራሱን ምስል ወደሚያሳየው ሞኒተር ሲዞር ደግሞ አንዱ ፊት እየተደራረበ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። ዘፈኑ በብሪታንያ ለዘጠኝ ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

የሙዚቃ ክሊፕ የሚያሳየው የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤምቲቪ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1981 ሥርጭት ሲጀምር ፊትን ወደየቤቱ የማድረስ ሥልጣን በአንድ ጣቢያ እጅ ገባ፤ ጣቢያው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጥቁር ድምፃውያንን ክሊፕ የሚያሳየው እጅግ ጥቂት ነበር። ይህ ሁልጊዜ ያመኛል፤ ድምፁ በየራዲዮው የሚሰማ ሰው ፊቱ ሲከለከል በዝምታ የሚታለፍ በደል አይደለም። በሩን በሰፊው የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1983 የማይክል ጃክሰን «ቢሊ ጂን» ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጆን ላንዲስ ያዘጋጀው፣ ወደ 14 ደቂቃ የሚጠጋው የዚሁ ዘፋኝ «ትሪለር»፣ ክሊፕ ራሱን የቻለ ፊልም ሊሆን እንደሚችል አሳየ።

ዛሬ በዩቲዩብ አንድ ክሊፕ በተለቀቀ ሰዓት አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ሪያድም እኩል ይታያል፤ ካሴት ይዞ የሚመጣ መንገደኛ አይጠበቅም። ይሁንና ብዙዎቹ አዳዲስ የአማርኛ ክሊፖች ከድሮን ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቪላ ሲዘሉ ዘፋኙ ፊት ላይ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይቆዩም፤ ባለሙያዎቻችንን የምለምነውም እዚያ ላይ ጥቂት እንዲታገሱ ነው። ባለፈው ፋሲካ ያንኑ ዘፋኝ በስልኬ ለእናቴ ከፈትኩላት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ ምስሉ በተቀያየረ ቁጥር «ቆይ፣ መልሺው» ትለኝ ነበር።