«ሽሩድ» ተብሎ መመስገን፦ የእንግሊዝኛ የማስተዋል ቃላትና የጅማው ንጉሥ

እሷ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፣ ከጅማ ነን። ዛሬ በቀጥታ ወደ ጥያቄው እገባለሁ። አንድ አድማጫችን እዚሁ ከተማ በቡና ንግድ ላይ የተሰማራ ወጣት ነው። ለሌላ ሥራ ለማመልከት የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቀ። አለቃው በእንግሊዝኛ ሲጽፉለት «ሽሩድ» ሰው ነው አሉ። መዝገበ ቃላት ቢያይ «ብልህ» ይላል። ጓደኛው ደግሞ «ሰድበውሃል» አለው። ማን ነው ልክ፣ ጋሼ?

እሱ፦ አለቃው አልሰደቡትም፤ ይህን በመጀመሪያ ይወቅ። ጓደኛውም ግን ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። «ሽሩድ» በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ክፉ፣ ተንኮለኛ ማለት ነበር። ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ሲቃረብ ነው ክፋቱ እየለዘበ «የማይታለል፣ ጥቅሙ የት እንዳለ የሚያውቅ» ወደሚል ምስጋና የዞረው። የጥንቱ ሽታ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም።

እሷ፦ የእኛ «ብልጥ» ማለት ነው እንግዲህ።

እሱ፦ ቅርብ ዘመዱ ነው። «ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» ስንል ሁለት የሚጠባበቁ ሰዎችን እንጂ ሁለት አስተዋዮችን አናስብም። ልጁ የሚያመለክተው ለገዢነት ወይም ለሽያጭ ሥራ ከሆነ ደብዳቤውን ሳይነካ ይላከው፤ ዋጋ የሚደራደር ሰው «ሽሩድ» መባሉ ክብሩ ነው። የሰው ገንዘብ በአደራ የሚያስይዝ ሥራ ከሆነ ግን አለቃውን በትሕትና ቀርቦ «ጁዲሸስ»፣ ማለትም አመዛዝኖ የሚወስን፣ የሚለውን ቃል ቢጽፉልኝ ብሎ ቢጠይቅ እመክረዋለሁ።

እሷ፦ መዝገበ ቃላቱ ታዲያ ይህን ለምን አልነገረውም?

እሱ፦ እኔን ዘወትር የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ተማሪዎቻችን «ሽሩድ»፣ «አስቲውት»፣ «ፕሩደንት»፣ «ጁዲሸስ»፣ «ሰጌሸስ» የሚሉትን አንድ ላይ ደርድረው «ሁሉም ብልህ ማለት ነው» ብለው ይሸመድዳሉ። ፈተናም እንደዚያው ይጠይቃቸዋል። እነዚህ ቃላት ግን የብልህነትን መጠን አይለኩም። ሰውዬው ምን እየመዘነ እንደወሰነና ለማን ብሎ እንደወሰነ ነው የሚናገሩት።

እሷ፦ በምሳሌ እንየው። ከራሳችን አገር ይሁን።

እሱ፦ ከራሳችን ከተማማ ከአባ ጅፋር የተሻለ የት ይገኛል? ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1878 ነገሡ። የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲገፋ፣ በ1880ዎቹ፣ አባ ጅፋር ሳይዋጉ ለምኒልክ ገቡ። ግብር ሊከፍሉ ተስማሙ፤ በምላሹ ጅማን ራሳቸው እያስተዳደሩ ቆዩ። ይህም እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ዘለቀ። ይህን ውሳኔ በእንግሊዝኛ በምን ቃል ትገልጪዋለሽ?

እሷ፦ «ፕሩደንት» እላለሁ። የሚመጣውን አይተው ተጠነቀቁ።

እሱ፦ ጥሩ ብለሻል። ቃሉ ከላቲን ነው የመጣው፣ ሥሩም «አስቀድሞ የሚያይ» ማለት ነው። የመከሯቸው እናታቸው ንግሥት ጉሚቲ ናቸው ይባላል። እናትየዋን ደግሞ ምን እንላቸዋለን?

እሷ፦ እሳቸውንም «ፕሩደንት» ማለት ይከብደኛል። ያዩት አደጋውን ብቻ አይመስለኝም። የምኒልክን ኃይልም፣ የልጃቸውን ዓቅምም፣ የጅማ ንግድ ምን ያህል እንደሚፈለግም አንድ ላይ ያዩ ይመስለኛል።

እሱ፦ እንግዲያው «አስቲውት» በያቸው። «አስቲውት» ከላይ የማይታየውን፣ የሰውን ፍላጎትና የኃይል አሰላለፍን የሚያነብ ነው። እሱም ከላቲን «ተንኮል፣ ዘዴ» ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ ሆኖም በዛሬ አጠቃቀሙ ከ«ሽሩድ» ይልቅ የጸዳ ነው። ለዲፕሎማት፣ ለፖለቲካ ተንታኝ በብዛት ይውላል።

እሷ፦ አንድ ነገር ግን ልጨምር ጋሼ፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በ1897 የምኒልክ ጦር ከፋን ሲወጋ የአባ ጅፋር ሠራዊትም አብሮ ዘምቷል። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተዋግተው ተሸነፉ፣ ተያዙ። የከፋ ሰው የጅማውን ንጉሥ ውሳኔ «ፕሩደንት» ብሎ የሚጠራው ይመስልዎታል?

እሱ፦ አይጠራውም። በጣም ቢለሳለስ «ሽሩድ» ይለዋል፣ ያውም ከአሮጌው ትርጉም ጋር። የምለው ይህንኑ ነው እህቴ። ድርጊቱ አንድ ነው፤ ቃሉን የመረጠው ሰው ግን የት ቆሞ እንደሚያይ አብሮ ይናገራል። ጅሬን ላይ ቆሞ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከእሳት ተርፎ እስከ ዛሬ መቆየቱን የሚያስብ ሰው «ሰጌሸስ» ሊላቸውም ይችላል፤ በዕድሜና በኑሮ የበሰለ፣ ከአንድ ትውልድ አልፎ የሚያይ ማለት ነው።

እሷ፦ እኔ እዚህ ጋ አልስማማም። ጎረቤትን ለመውጋት የዘመተን ሰው «ሰጌሸስ» ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ያ ቃል ከፍ ያለ ነው።

እሱ፦ አለመስማማትሽን አከብራለሁ። ቃሉ ከፍ ያለ መሆኑን ማወቅሽ ራሱ ልዩነቱ እንደገባሽ ያሳያል።

እሷ፦ «ጁዲሸስ»ን ዘለልነው።

እሱ፦ እሱ ቀላል ነው። ከዳኝነት ጋር አንድ ሥር አለው። ግራና ቀኙን ሰምቶ፣ ሳይበዛ ሳያንስ፣ በመጠኑ መወሰን ነው። ለዚህ ነው በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ለፀረ ተህዋሲያን መድኃኒቶች አጠቃቀም የሚመረጠው፤ ለሚያስፈልገው ሕመምተኛ፣ በሚያስፈልገው መጠን። «ጁዲሻል» ከሚለው ጋር ግን አታምታቱት፤ ያኛው የፍርድ ቤት ነው።

እሷ፦ እኔ ባንክ ስሠራ «ፕሩደንስ» የሚለውን በየመመሪያው ነበር የማየው። እዚያ ግን የፈሪነት ዓይነት መልክ ነበረው።

እሱ፦ ቃሉ ዝቅ ብሎ ነው። በድሮ የምዕራብ ፍልስፍና ከአራቱ ዋና ዋና ምግባሮች አንዱ ነበር፤ ከፍትሕ፣ ከጀግንነትና ራስን ከመግዛት ጋር። ትክክለኛውን ነገር በትክክለኛው ጊዜ የመምረጥ ችሎታ እንጂ ወደ ኋላ ማለት አልነበረም። ዛሬ ግን «ፕሩደንት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያየው ገንዘቡን ቆጥቦ የሚያስቀምጥን ሰው ነው።

እሷ፦ በሂሳብ ሙያ እንዲያውም አከራክሯል። ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃዎች ቦርድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ቃሉን ከጽንሰ ሐሳብ ማዕቀፉ አወጣው። ጥንቃቄ ሲበዛ ሪፖርቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ገለልተኛ አይሆንም የሚል ነበር ምክንያቱ። ብዙዎች ተቃወሙ። በ2018 መለሱት፤ ነገሩ እርግጠኛ ባልሆነበት ሁኔታ ሲወሰን ጥንቃቄ ማድረግ ነው ብለው ወስነው። ማትረፉ ያልተረጋገጠውን ትርፍ አትመዝግብ፣ ዕዳህንም አታሳንስ፣ ከዚያ አልፈህ ግን ሆን ብለህ ሀብትህን ዝቅ አታድርግ ማለት ነው።

እሱ፦ ይህን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። «ጥንቃቄ» እና «ማጓደል» የሚለዩበትን መስመር በደንብ አሳየሽኝ።

እሷ፦ የቀረን «ዲሰርኒንግ» ነው። ማስታወቂያዎች «ለዲሰርኒንግ ደንበኞቻችን» ይላሉ።

እሱ፦ ማስታወቂያው ደንበኛውን ሊያሞግስ ነው። ቃሉ በትክክል የሚገባው ለቡና ቀማሽ ነው። ሥሩ መለየት፣ ማበጠር ማለት ነው። ቅምሻ ላይ ቆመሽ ታውቂያለሽ?

እሷ፦ አዎ። በተለመደው መለኪያ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ቡና ይመዘናል። የፈላው ውኃ ይፈስበታል፤ አራት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ቀማሹ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ንጣፍ በማንኪያ ሲሰብረው አፍንጫውን ጽዋው ላይ ደፍቶ ነው የሚያሸተው። ከዚያ በማንኪያ በኃይል ይምገዋል፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። እኛ «ጥሩ ቡና» ብለን የምናልፈውን እሱ «ይኼኛው ሲደርቅ ክምሩ በዝቶበት ቦክቷል፣ ያኛው እርጥብ ሳለ ጆንያ ውስጥ ገብቷል» ይላል። የጅማ ቡና አብዛኛው ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ስለሆነ ይህን መለየት ኑሮ ነው።

እሱ፦ «ዲሰርኒንግ» ማለት ያ ሰው ነው። ስለ ጥራት የሚፈርድ እንጂ ስለ ጥቅም ወይም ስለ አደጋ የሚፈርድ አይደለም።

እሷ፦ ታዲያ ቀማሹን «ሰጌሸስ» ብንለውስ?

እሱ፦ አያስኬድም። የሚገርመው፣ «ሰጌሸስ» የላቲን ሥሩ ጠረንን አጥርቶ መለየት ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ሽታ ተከትሎ አውሬ ለሚያገኝ የአደን ውሻ ይሉት ነበር። ዛሬ ግን ከአፍንጫ ርቆ ሄዷል። ቀማሹ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነውና አፍንጫው ከሁሉ ቢበልጥ፣ «ዲሰርኒንግ» ነው። ከዓመታት በኋላ ገበሬዎቹ በመሬት ድንበር ሲጣሉ ወደ እሱ መምጣት ከጀመሩ፣ ያን ጊዜ ሌላውን ቃል እንሰጠዋለን።