የአድማጮች ጥያቄ፦ ስንፈተ ወሲብ ከምን ይመጣል?

አድማጭ፦ ዶክተር፣ 48 ዓመቴ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ብልቴ እንደ ድሮው አይቆምም። ባለቤቴ «ሌላ ሴት ይዘሃል» ትለኛለች። ስኳርም ግፊትም የለብኝም። ሲጋራ ግን አጨሳለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደፍረው ስለደወሉ አመሰግናለሁ። ብልት የሚቆመው ደም ሲሞላው ነው። ደሙን የሚያደርሱት ሥሮች ደግሞ በጣም ቀጭን ናቸው፤ ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የልብ ደም ሥሮች ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ሲጋራ ደም ሥርን እየጎዳ ሲሄድ ቀድሞ የሚቸገረው ቀጭኑ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው ደረቱን ሳያመው፣ ከዓመታት በፊት አልጋ ላይ ምልክቱን የሚያየው። ስለዚህ ልብዎም ይታይ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስኳርና ግፊት የለብኝም ያሉት ተለክተው ነው ወይስ ስላላመመዎት? ሁለቱም ድምፅ ሳያሰሙ ለዓመታት ይቀመጣሉ። ሌላም አለ። ጠዋት ሲነቁ ይቆማል? የሚቆም ከሆነ ጭንቀት የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ጠዋትም ከጠፋ ወደ አካላዊው ምክንያት ያደላል። ለምርመራ ሲሄዱ ባለቤትዎም አብረው ይሂዱ። ከሐኪሙ አፍ ሲሰሙት ጥርጣሬው ይቀልላቸዋል።

ሁለተኛ አድማጭ፦ ስኳር ከያዘኝ 10 ዓመቴ ነው። አሁን ስሜቱም እየጠፋ ነው።

መልስ፦ ስኳር ደም ሥሩንም ነርቩንም ይጎዳል። እግርዎን የሚያደነዝዝዎ ከሆነ የብልት ነርቭም ሊነካ ይችላል። ስኳሩን መቆጣጠር ጉዳቱ እንዳይባባስ ያግዛል። ፍላጎቱ ራሱ ከቀነሰ ግን ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይለካ። ደሙን ጠዋት ይስጡ፤ መጠኑ ከፍ የሚለው ያኔ ነው።

ሦስተኛ አድማጭ፦ የግፊት ኪኒን ከጀመርኩ በኋላ ነው የመጣብኝ። ላቁመው? ጓደኛዬ ቪያግራ ሰጥቶኛል።

መልስ፦ በፍጹም እንዳያቆሙት! አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች፣ በተለይ ሽንት የሚያሸኑትና የልብ ምት የሚቀንሱት፣ ይህን ችግር ያመጣሉ። የድብርት መድኃኒቶችም እንዲሁ። ለሐኪምዎ ከነገሩት በሌላ ሊቀይርልዎ ይችላል።

የጓደኛዎን ኪኒን ግን ዛሬ አይዋጡት። ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ቪያግራ ከጨመረበት ግፊቱ በአንዴ ወርዶ ሊሞት ይችላል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ሰብስበው ይሂዱና ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩለት። የጓደኛዎንም ጭምር።