ሰነፉ እየመራ ነው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ጅማ እየዘነበ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የምትሰሙት እሱ ነው፣ ይቅርታ።

የአየር ብክለት የሚተነብዩ የኮምፒውተር ሞዴሎች አሉ አይደል? ኮፐርኒከስ የሚባለው የአውሮፓ ፕሮግራም በየቀኑ የ5 ቀን ትንበያ በነፃ ያወጣል። እስቲ ለጅማ ይሠራል ወይ ብዬ ደቃቅ ብናኝ፣ ማለትም ፒኤም 2.5፣ የምትለካ ትንሽ ሴንሰር ገዝቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ሁለቱን ቁጥር በየቀኑ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

ሞዴሉ በየቀኑ ይወድቃል። ከ11 ሰዓት በኋላ የእኔዋ ሦስት እጥፍ ትላለች። «ይሄ ነገር ጅማን አያውቃትም» እያልኩ ሳወራ ከረምኩ።

አንድ ቀን እናቴ ከሰል እያራገበች ቀና አለች። «አንተ ልጅ፣ ያንን ሳጥን ከማድ ቤቴ መስኮት በላይ የሰቀልከው ልትሰልለኝ ነው?»

አለቀ። ለካ ስፈትን የከረምኩት የእናቴን ቡና ነው!

ሞዴሉ እኮ ምድርን በካሬ ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው፤ አንዱ ካሬ በግምት 40 ኪሎ ሜትር በ40 ኪሎ ሜትር ነው። የጅማው መርካቶ፣ ጅሬን፣ ከከተማ ውጭ ያለው የቡና ጫካ ሳይቀር አንድ ቁጥር ይካፈላሉ። የእኔ ሴንሰር የምታውቀው አንድ መስኮት ነው። ያውም ጉም ሲሆን የውሃ ጠብታውን ብናኝ ብላ ትቆጥራለች።

ወደ በረንዳ አዞርኳት። አማካይ ስህተቱ ወደ ዜሮ ተጠጋ። ደስ አለኝ፤ እሱም ችኮላ ነበር። ቀን 10 ማይክሮግራም አብዝቶ ማታ 10 ቢያሳንስ፣ ድምሩ ዜሮ ነው። ሁለቴ ተሳስቶ ደፈነ! የዓለም ጤና ድርጅት ለ24 ሰዓት ያስቀመጠው መጠን 15 ነው፤ 10 መሳት ቀልድ አይደለም። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ እያንዳንዱን ስህተት በራሱ አባዝተው፣ አማካዩን ወስደው፣ ስኩዌር ሩት የሚያወጡት። ያኔ 10 ስህተት 10 ሆኖ ይወጣል፤ መደባበቅ የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከሰነፍ ሰው ጋር መወዳደር ነው። «ነገም እንደ ዛሬ ነው» ብሎ የሚተኛ ሰው። ኮምፒውተር አያስፈልገውም፣ ግን በተራ ቀን እሱን ማሸነፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሞዴሉ እንጀራውን የሚበላው አየሩ በሚለወጥበት ቀን ነው፤ ዝናብ መጥቶ ጭሱን በሚያጥብበት።

አሁን ደብተሬ ላይ ሦስተኛ ዓምድ አለ። «ሰነፉ» ብዬዋለሁ። እስካሁን ሰነፉ እየመራ ነው። መስከረም 16 ማታ ደመራው ሲለኮስ ግን ሁለቱም ጉድ የሚሆኑ ይመስለኛል።